የውድ ስልክ ዋጋ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ

በዛሬው ዘመን አንድ የእጅ ስልክ ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ ሲሸጥ ያየ ሰው፣ ይህ የዋጋ መናር ትናንት የመጣ እንግዳ ነገር መስሎት ሲደነቅና ሲያዝን ይሰማል። ነገር ግን የዚህን መሣሪያ ታሪክ ከጥንተ ልደቱ ጀምሮ በትዕግሥት የመረመረ ሰው፣ ውድነት ለእጅ ስልክ አብሮት የተወለደ ጠባይ እንጂ በኋላ የተጨመረበት አለመሆኑን፣ ርካሽነቱም በመካከል ዘመን የመጣ፣ ያውም በከፊል እውነተኛ በከፊልም የተሸፈነ እንደ ነበረ ይረዳል። ስለዚህ «ውዱ ስልክ ለዋጋው የሚገባ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት የዛሬውን የዋጋ ሰሌዳ ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ሰው ለዚህ ዕቃ በየዘመኑ ምን ያህል እንደ ከፈለ፣ ስለ ምን እንደ ከፈለ፣ የከፈለውንም በዐይኑ እያየ ይሁን ሳያይ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የባሕር ማዶው ነገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችን ነገር ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት ተቈጥሮ ቀርቧል።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። አፕሪል 3 ቀን 1973 የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ ከተማ በስድስተኛው ጎዳና ላይ ቆሞ፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ በሆነና ሽቦ በሌለው መሣሪያ፣ በቤል ላቦራቶሪ ያንኑ ጥበብ ይመረምር ለነበረው ለተቀናቃኙ ለጆኤል ኤንግል ደወለለት፤ ያም ንግግር በእጅ ተይዞ በሚዞር የሴሉላር ስልክ የተደረገ የመጀመሪያው ንግግር ሆነ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ለገበያ እስኪበቃ ድረስ ዐሥር ዓመት አለፈ፤ በ1983 የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን ዳይናታክ 8000ኤክስ ለተባለው ቀፎ ፈቃድ ሲሰጥ የተቈረጠለት ዋጋ 3,995 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ በዛሬው የዶላር አቅም ሲመዘን ከ12,000 ዶላር ይበልጣል። ለዚህ ሁሉ ንዋይ ገዢው ያገኘው፣ ዐሥር ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ሲሞላ ውሎ ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያነጋግር፣ ፎቶግራፍ የማያነሣ፣ መልእክት የማይጽፍ፣ ከድምፅ በቀር ምንም የማያስተላልፍ መሣሪያ ነበር።

ሆኖም ያን ስልክ የገዙትን ሰዎች ገንዘብ አባካኞች ናቸው ብሎ መፍረድ ከፍትሕ መራቅ ነው። ሰው ከቤቱና ከቢሮው ወጥቶ በእግሩ እየሄደ ሳለ፣ የሚፈልገውን የማግኘትና በሚፈልጉትም የመገኘት ችሎታ፣ ከዚያ በፊት በመኪና ላይ በሚተከል ከባድ ስልክ ጥቂት በጥቂት ከመሞከሩ በቀር፣ ማንም ባለጸጋ በምንም ዋጋ ሊገዛው የማይችል ነገር ነበር። ንግዱ በሰዓታትና በደቂቃዎች የሚወሰንበት ሰው፣ አንድ ውል ባለመድወሉ ቢያመልጠው የሚያጣውን ትርፍ አስቦ 3,995 ዶላር ቢከፍል፣ ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ይህን ነገር አበክሬ የማነሣው፣ የመጀመሪያው ውድነት የቆመው በእውነተኛ ጥቅም ላይ መሆኑ እንዲታወቅ ነው፤ ለክብርና ለታይታ መያዙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተደረበ ነው።

የዋጋው ቁልቁለት በ1990ዎቹ ዓመታት ተጀመረ። ጂኤስኤም የተባለው የአውሮፓ ሥርዐት በ1991 በፊንላንድ ሥራ ሲጀምር፣ ብዙ አገሮች በአንድ ዐይነት ደንብ የሚሠራ መረብ ለመዘርጋት ተስማምተው ነበርና፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጣው ቀፎ በብዙ አገር ይሸጥ ጀመር፤ ብዙ የሚሸጥ ዕቃም የምርምሩና የፋብሪካው ወጪ ለብዙዎች ስለሚካፈል ዋጋው ይወርዳል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ውድነት ከቶ አልጠፋም። ዛሬ ስማርት ስልክ ለምንለው ዕቃ ቀዳሚ ሆኖ የሚቈጠረው፣ አይቢኤም በ1994 ያወጣው ሳይመን የሚባለው ቀፎ፣ በጣት የሚነካ ገጽታ፣ የቀን መቍጠሪያና ኢሜል የነበረው ሲሆን፣ ከስልክ ኩባንያ ውል ጋር 899 ዶላር፣ ያለ ውል ደግሞ 1,099 ዶላር ተሸጧል። በ1996 ሞቶሮላ ያወጣው፣ ክብደቱ ከ90 ግራም የማይበልጠው ስታርታክ የተባለው ታጣፊ ስልክም 1,000 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። እንግዲህ ስማርት ስልክ ገና ሲወለድ ሺሕ ዶላር ደርሶ ነበርና፣ ይህ ድንበር በእኛ ዘመን የተጣሰ አዲስ ድንበር አይደለም።

በአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በዘመነ ምኒልክ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው መስመር በ1880ዎቹ ዓመታት ሲዘረጋ ስልክ የመንግሥት ዕቃ ነበር፤ ያለ አካል የሚሰማውን ድምፅ የሰሙ ካህናትም ነገሩን የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙትና ንጉሠ ነገሥቱ ግን ተቃውሞውን እንዳልተቀበሉት ሲነገር ኖሯል። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ስልክ ቀስ በቀስ ወደ ነጋዴውና ወደ ሠራተኛው ቤት ገባ። የእጅ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብርቅ የነበረው ቀፎው ብቻ አልነበረም፤ መስመሩ ራሱ ብርቅ ነበር። ሲም ካርድ ለማግኘት ሰው ተመዝግቦ ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ መጠበቅ ያልፈለገም ከሌላ ሰው እጅ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ከፍሎ ይገዛ ነበር። በዚህም ምክንያት የእኛ አገር ገዢ የስልክን ዋጋ ሲያስብ ከጥንቱም ቀፎውን ከመስመሩ ለይቶ፣ ሁለቱንም በገዛ እጁ ከፍሎ የኖረ ነው፤ ይህ ነገር በኋላ ከአሜሪካው ገዢ ልማድ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

ቀፎው ራሱ ወደ ተራው ሰው እጅ ሲወርድ ደግሞ ምሳሌ የሚሆነው የኖኪያ ኩባንያ ነው፤ በ2003 ያወጣው 1100 የተባለው ቀፎ በዓለም ሁሉ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ሲሆን፣ የተሠራውም አቧራና የእጅ ላብ እንዲችል፣ በራሱ ላይም ትንሽ የእጅ ባትሪ እንዲኖረው ተደርጎ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማና መብራት ባልደረሰበት ገጠር ያቺ ትንሽ ብርሃን ያደረገችውን አገልግሎት ያየ ሰው፣ የዕቃ ዋጋና የዕቃ ጥቅም ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ አይስተውም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ግን ከዚያው ከኖኪያ ቤት ሳንወጣ መመልከት እንችላለን። ኖኪያ በ1998 ቨርቱ የሚባል ድርጅት በእንግሊዝ አገር አቋቁሞ፣ በወርቅ፣ በፕላቲንና በሰንፔር መስታወት የሚሠሩ ስልኮች ለነገሥታት፣ ለመሳፍንትና ለታላላቅ ባለጸጎች መሸጥ ጀምሮ ነበር። የእነዚህ ስልኮች ዋጋ በብዙ ሺሕ ዶላር የሚቈጠር ሲሆን፣ ሥራቸው ግን በርካሽ ከሚሸጠው ኖኪያ የሚበልጥ አልነበረም፤ ዋናው ልዩ ነገራቸው ባለቤቱ አንድ ቁልፍ ሲጫን የምግብ ቤት ቦታ የሚይዝለት፣ ትኬት የሚገዛለት፣ ጉዳዩን የሚፈጽምለት አገልጋይ በስልክ መገኘቱ ነበር። ይህ ንግድ ከምስጋናም ከነቀፋም በላይ የሚያስተምር ነገር አለው፤ በቨርቱ ቤት ዋጋ ከጥቅም ፈጽሞ ተለይቶ መዓርግ ብቻ ሆኖ ይታያልና። ኖኪያ ድርጅቱን በ2012 ሸጠው፤ በ2017ም በእንግሊዝ ያለው ፋብሪካው በዕዳ ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሺሕ ዶላር የሚያወጣ ስልክ ለሕዝብ ሁሉ ሊሸጥ ነው፤ ወደዚያ ግን ከመድረሳችን በፊት በመካከል ያለውን የዐሥር ዓመት ታሪክ ማየት ያሻናል፤ የዛሬው ገዢ ግራ መጋባት የተወለደው በዚያ ዐሥር ዓመት ነውና።

የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ለዓለም ያሳየው ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሲሆን፣ መሸጥ የጀመረው ጁን 29 ቀን ነው። 4 ጊጋባይት የሚይዘው 499 ዶላር፣ 8 ጊጋባይት የሚይዘው 599 ዶላር ነበር። ይህን የገዛ ሰው በተጨማሪ ከኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ ጋር የሁለት ዓመት ውል መግባት ነበረበት፤ ከውሎቹ ሁሉ ትንሹ በወር 59.99 ዶላር የሚያስከፍል ስለ ነበረ፣ የ8 ጊጋባይቱ ቀፎና የሁለት ዓመቱ ክፍያ ሲደመሩ ከ2,000 ዶላር ያልፋሉ። ሁለት ወር ከጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ የ8 ጊጋባይቱ ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 399 ዶላር ወረደ፤ አስቀድመው የገዙትም በጣም ስለ ተቈጡ ጆብስ በማግሥቱ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ለእያንዳንዳቸው በኩባንያው መደብር የሚገዙበት 100 ዶላር እንዲሰጣቸው አደረገ። ገዢ የዕቃውን ሙሉ ዋጋ በዐይኑ ሲያይ ምን ያህል ነቅቶ እንደሚከራከር የዚያ ሳምንት ነገር ይመሰክራል።

በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ግን እጅግ የተለየ ነው። በጁላይ 2008 አይፎን 3ጂ የተባለው ሁለተኛው ትውልድ ሲወጣ፣ ዋጋው 199 ዶላር ነው ተብሎ በየአደባባዩ ተነገረ፤ ሕዝቡም ዋጋው በግማሽ ወረደ ብሎ ደስ አለው። በእውነቱ ግን ያለ ውል የሚገዛው ሰው ለዚያው ቀፎ 599 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ የልዩነቱን ገንዘብ የስልክ ኩባንያው አስቀድሞ ለአፕል ከፍሎ፣ በየወሩ ከደንበኛው መልሶ ይሰበስበው ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እባክህ ይህን ሒሳብ ከእኔ ጋር ሁነህ ተከተለው። ትንሹ ወርኃዊ ክፍያ ከ59.99 ወደ 69.99 ዶላር ከፍ አለ፤ ይህም በ24 ወር 1,679.76 ዶላር ይሆናል፤ 199 ሲጨመርበት 1,878.76 ይደርሳል። የፊተኛውን ስልክ በ399 ዶላር የገዛው ሰው ግን ከሁለት ዓመት ክፍያው ከ1,439.76 ዶላር ጋር ሲደመር የሚያወጣው 1,838.76 ብቻ ነበር፤ ያውም 200 አጫጭር መልእክቶች በየወሩ በውሉ ውስጥ ተካትተውለት፤ በአዲሱ ውል ግን መልእክት ለብቻው የሚከፈልበት ሆነ። እንግዲህ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ የተባለው ስልክ በድምሩ 40 ዶላር ይበልጥ ነበር። አዲሱ ስልክ ፈጣን መረብና የቦታ አመልካች ስለ ነበረው ጭማሪው ያለ ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ገዢው ጨመረ ሳይሆን ቀነሰ ብሎ ማመኑ ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ መንገድ የ199 ዶላር ልማድ በአሜሪካ ሥር ሰደደ። ለስምንት ዓመት ያህል ብዙው የዚያ አገር ሰው ምርጥ የሚባለው ስልክ 199 ዶላር እንደሚያወጣ አድርጎ ያስብ ነበር፤ ያለ ውል የሚሸጥበት እውነተኛ ዋጋ በፊት 599፣ በኋላም 649 ዶላር መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የልማዱ ክፋት በዚህ ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። የሁለት ዓመቱ ውል ሲያልቅ ደንበኛው የቀፎውን ዕዳ ጨርሶ ከፍሎ ሳለ ወርኃዊ ሒሳቡ አይቀንስለትም ነበር፤ ስለዚህ አሮጌውን ስልኩን በመልካም ይዞ ሦስተኛውን ዓመት የሚዘልቅ ቈጣቢ ሰው፣ የሌላውን አዲስ ስልክ ዋጋ ጭምር እየከፈለ ይኖር ነበር ማለት ነው። ቈጣቢው የሚቀጣበት፣ ቶሎ ለዋጩ የሚሸለምበት ሥርዐት ስለ ነበረ፣ ሰዉ ሁሉ ስልኩ ቢያገለግለውም ባያገለግለውም በየሁለት ዓመቱ መለወጥን እንደ ሕግ ያዘ። በእኔ አስተያየት ለገዢው ከባድ ጉዳት ያደረሰው የዋጋው ከፍታ ሳይሆን ይህ ሽፋን ነው።

ሽፋኑን የገለጠው ውድድር ነው። ከአራቱ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች ትንሹ የነበረው ቲ-ሞባይል በማርች 2013 የሁለት ዓመቱን ውል ሽሮ፣ የአገልግሎቱን ሒሳብ ከቀፎው ሒሳብ ለየ፤ አይፎን 5ን የሚፈልግ ሰው 99 ዶላር ቀብድ ሰጥቶ በየወሩ 20 ዶላር ለ24 ወር ይከፍላል፤ ዕዳው ባለቀ ጊዜም የወር ሒሳቡ በዚያው ልክ ይቀንስለታል። ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2016 መጀመሪያ ይህንኑ ተከተሉ። አሜሪካዊው ገዢ ከሽፋኑ ዘመን በኋላ የስልኩን ሙሉ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ተጽፎ ያየው በዚህ ጊዜ ነው፤ የኢትዮጵያው፣ የህንዱና የናይጄሪያው ገዢ ግን ከጥንቱም ሲያየው የኖረ ነው።

እንግዲህ በሴፕቴምበር 2017 አፕል አይፎን ኤክስን በ999 ዶላር ሲያወጣ፣ ገዢው ዐይኑ የተገለጠ ሆኖ ጠበቀው። ሳምሰንግም በዚያው ወቅት ጋላክሲ ኖት 8ን ከ900 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በመጀመሪያ ነገሩ ለኩባንያዎቹ የተሳካ መሰለ፤ በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስኤስ ማክስ ከ1,099 ጀምሮ እስከ 1,449 ዶላር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ አፕል ምን ያህል ስልክ እንደ ሸጠ በቍጥር መግለጡን እንደሚተው አስታወቀ። ነገር ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በዲሴምበር 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ ብሎ በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደ ነበረ ተገለጠ፤ ቍጣው ሲበረታም ይቅርታ ጠይቆ፣ 79 ዶላር ይጠይቅበት የነበረውን የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ለ2018 ዓመት ሙሉ ወደ 29 ዶላር አወረደው። ሕዝቡም አዲስ ስልክ በሺሕ ዶላር ከመግዛት ይልቅ የአሮጌውን ባትሪ በ29 ዶላር እየለወጠ መኖር እንደሚቻል ተማረ።

የዚህ ትምህርት ውጤት የታየው ጃንዋሪ 2 ቀን 2019 ነው። በዚያ ቀን የአፕል መሪ ቲም ኩክ ለባለ አክሲዮኖቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ኩባንያው በሩብ ዓመቱ ከ89 እስከ 93 ቢሊዮን ዶላር አገኛለሁ ብሎ የነበረውን ግምት ወደ 84 ቢሊዮን ዝቅ አደረገ። ዋናው ምክንያት የቻይና ገበያ መዳከም መሆኑን ገልጦ፣ ከዚያ ጋር ግን የስልክ ኩባንያዎች ድጎማ መቀነሱን፣ የዶላር መጠንከር በሌሎች አገሮች ዋጋውን ማስወደዱንና የባትሪው መቀየሪያ መርከሱን አብሮ ጠቀሰ። ይህን ደብዳቤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበረ ምስክር አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ገዢው ሙሉውን ዋጋ ካየና ጥገናው ከተመቸው ዕቃውን አቆይቶ እንደሚይዝ ሻጩ ራሱ በገዛ እጁ ጽፏልና። አይዲሲ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እንደ ቈጠረው፣ በ2016 በዓለም ሁሉ 1.47 ቢሊዮን ስማርት ስልክ ወደ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ በ2023 ግን ቍጥሩ ወደ 1.17 ቢሊዮን ወርዷል። ለዚህ መውረድ የወረርሽኙና የኑሮ ውድነቱ ዘመን ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ ሆኖም የሰዉ ስልክ የሚቆይበት ዕድሜ ከሁለት ዓመት ወደ ሦስትና ከዚያም በላይ መርዘሙ ከምክንያቶቹ ሁሉ ጸንቶ የቀረው ነው።

ሠሪዎቹም ይህን ካዩ በኋላ መንገዳቸውን ለሁለት ከፈሉት። የመደበኛው ስልክ ዋጋ ብዙ አልጨመረም፤ በ2019 አይፎን 11 በ699 ዶላር ወጣ፣ በ2025ም መደበኛው አይፎን 17 በ799 ዶላር ወጣ፤ በመካከል ያለው የዋጋ ግሽበት ሲታሰብ ይህ መወደድ ሳይሆን መርከስ ነው። ወደ ሰማይ የወጣው ላይኛው እርከን ነው፤ በዚያው በ2025 አይፎን 17 ፕሮ ማክስ ከ1,199 ተነሥቶ፣ 2 ቴራባይት የሚይዘው 1,999 ዶላር ደረሰ፤ ታጣፊው ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 7ም በዚያው በ1,999 ዶላር ነው የወጣው። ከመደበኛው ወደ ላይኛው ሲወጣ የሚጨመረው ነገር ከሩቅ የሚያቀርብ ካሜራ፣ ሰፋ ያለ ገጽታና ብዙ ማኅደር ነው። ሠርግና ጥምቀት ለሚቀርጽ፣ ወይም በቪዲዮ ሥራው እንጀራውን ለሚያገኝ ሰው ይህ ጭማሪ ልክ እንደ ዳይናታክ ገዢ ትርፉን በሒሳብ ሊያሳይ የሚችልበት ነው። ለመነጋገር፣ ለማንበብ፣ ገንዘብ ለማስተላለፍና የልጆቹን ፎቶግራፍ ለማንሣት ለሚይዘው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ 800 ዶላሩ ያላደረገለትን 1,200 ዶላሩ አያደርግለትም።

ስለ ውዱ ስልክ የሚነገረው ጽኑ ክርክር ዕድሜው ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ የተቀበልሁት ይህንኑ ነው። 999 ዶላር የሚያወጣው ስልክ ሁለት ዓመት ብቻ ቢያዝ በዓመት 500 ዶላር ያህል ይፈጃል፤ አምስት ዓመት ቢያዝ ግን ወደ 200 ይወርዳል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚበላሸው ወይም የደኅንነት ማሻሻያ የሚቋረጥበት የ300 ዶላር ስልክ ደግሞ በዓመት 150 ይፈጃልና፣ ልዩነቱ ሲታይ የሚመስለውን ያህል አይሰፋም። ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ሲገቡ ይህ ክርክር በረታ። ይሁን እንጂ በዚያው በ2024 ሳምሰንግ ከርካሾቹ ወገን ለሆነው ለጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት ማሻሻያ ሲሰጥ፣ ረጅም ዕድሜ የውድ ስልክ ብቻ ርስት መሆኑ አበቃ። ከእንግዲህ ወዲህ ዕድሜውን ምክንያት አድርጎ ሺሕ ዶላር የሚከፍል ሰው፣ ለዚያ የቀረበ ዕድሜ በጣም ባነሰ ዋጋ ሊያገኝ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ለእኛ አገር ገዢ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የከበደ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የምንዛሬው ነገር ነው። አይፎን ኤክስ በባሕር ማዶ መሸጥ በጀመረበት በዚያው ወር፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሬ 15 በመቶ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነበርና፣ 999 ዶላር ቀረጡም ትርፉም ሳይጨመርበት ወደ 27 ሺሕ ብር ይመጣ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ በዋዜማው 57 ሺሕ ብር ያህል የነበረው ይኸው 999 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ሺሕ ብር በላይ ሆነ። አሜሪካዊው ገዢ ከ2017 ጀምሮ ያየው የዋጋ ጭማሪ መጠነኛ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ገዢ ግን ያው ስልክ በዚያው የዶላር ዋጋ ላይ ቆሞ ሳለ አራት እጥፍ ሊጠጋበት በቃ። ደመወዙ በብር የሆነ ሰው ይህን ዋጋ ከአሜሪካው ጋዜጣ ምክር ጋር አስተያይቶ መግዛት አይገባውም፤ የሁለቱ ሒሳብ አንድ አይደለምና።

ይህም ስለ ሆነ የአገራችን የስልክ ገበያ በራሱ መንገድ ሄዷል። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የተባሉትን ቀፎዎች የሚያወጣው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፍቶ፣ በአማርኛ የሚጻፍባቸውን ስልኮች በተራው ሰው አቅም አቀረበ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም በተራ ቀፎ ላይ በአጭር ቁጥር የሚሠራ ሆኖ ስለ ተዘጋጀ፣ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል ውድ ስልክ መያዝ ግድ አልሆነም። ውዱ ስልክ ደግሞ የሚመጣው በአብዛኛው በሰው እጅ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመለስ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ ወይም በባሕር ማዶ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት የያዘው ስልክ ያገለገለ ተብሎ በስልክ ቤቶች ይሸጣል። ገዢውም በመደብሩ ቆሞ ስክሪኑ ተቀይሮ እንደ ሆነ፣ በቀድሞ ባለቤቱ ስም ተቆልፎ እንዳይሆን፣ የባትሪውም ጤና ስንት ፐርሰንት እንደ ቀረ ይጠይቃል። ይህ መጠየቅ ከችግር የተማርነው ጥበብ ነው፤ የአሜሪካው ገዢ በ2018 ስለ ባትሪ የተማረውን የእኛ ሰው አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

በዚህ በኩል ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የጸናው ደንብ ከእኛም ገበያ ጋር ግንኙነት አለው። ደንቡ ከዚያ ቀን ወዲህ በኅብረቱ አገሮች ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶም ከአቅሙ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲቀረው፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎቹ ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት እንዲገኙ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውም ሽያጩ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲቀጥል ያዛል። ሕጉ የተጻፈው ለአውሮፓው ገዢ ነው፤ ነገር ግን ያ ስልክ ከመጀመሪያው ባለቤት እጅ ወጥቶ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ቦሌ ስልክ ቤት ሲደርስ ገና ብዙ የአገልግሎት ዓመት ይዞ የሚደርስ ይሆናል። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ከባትሪው ፐርሰንት ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጨመር ይኖርበታል፤ ይኸውም ይህ ስልክ ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ የትኛው ዓመት ድረስ ነው የሚል ነው። ዓመቱን ለይቶ የሚናገር ሻጭ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠይቅ ይገባዋል፤ ሊናገር ያልቻለው ግን ስልኩ ምንም ያህል ቢያበራ ዋጋውን ዝቅ ያድርግ።